የሺህ ዓመት ምስክር

«መድኃኒት» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ፊት አለው። ሥሩ ድኅነት ሆኖ ሳለ የአይጥ መድኃኒት የሚባለው አይጥን የሚፈውስ አይደለም፤ «መድኃኒት አበሉት» የተባለለትን ሰውም ታክሞ ዳነ ብሎ የሚረዳ የለም። የሚያድነውና የሚገድለው ከአንድ ሥር ሊማስ፣ ከአንድ ቅጠል ሊጨመቅ እንደሚችል ቋንቋው ራሱ ከጥንት ያውቀዋል ማለት ነው። ኮሶ ሲጠጣ ያየ ሰውም ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጠጪው በማለዳ ይጠጣል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ይዝላል፤ ትሉ ወርዶ ሲታይ ድካሙ ይረሳል። መጠኑ የበዛበትም ቢሆን መከራውን ለማየት ብዙ አይጠብቅም። ስለዚህ የኮሶን ጥቅምና ጉዳት ለማወቅ ጥቂት ቀንና አንድ አስተዋይ ሽማግሌ ይበቃሉ።

ጉዳቱ የሚገለጠው ጠጪው ጽዋውን ካስቀመጠ ከሃያ ዓመት በኋላ ቢሆንስ? ከጠጪዎቹም ብዙዎቹን ትቶ ጥቂቶቹን ብቻ የሚነካ ቢሆንስ?

በቻይና ባህላዊ ሕክምና ዙሪያ በዓለም ሁሉ የሚሰማ አንድ መከራከሪያ አለ። «ይህ ዕፅ ሁለት ሺህ ዓመት ሲጠጣ ኖሯል፤ ጎጂ ቢሆን ኖሮ እስካሁን በታወቀ ነበር» የሚል ነው። መከራከሪያው የቻይና ብቻ አይደለም፤ ሥርና ቅጠል የሚሸጥ ሁሉ በየአገሩና በየቋንቋው ይለዋል። የሚናቅም አይደለም። አንድ ሕዝብ በገዛ ሰውነቱ እየከፈለ ያካበተው ዕውቀት ከቤተ ሙከራ ስላልወጣ ብቻ ከንቱ ሊባል አይገባም። ነገር ግን ዕድሜ ምስክር ሆኖ ከቀረበ ዳኛ ምስክርን የሚጠይቀውን እርሱም ሊጠየቅ ይገባዋል። ከቦታው ነበርህን? ማየት የምትችለው ምን ያህል ነው? የምትመሰክርለትስ ሰው ይኸው ራሱ ነውን?

እነዚህ ጥያቄዎች እንዲነሡ ያስገደደው ነገር የደረሰው ከቻይና ሩቅ፣ በቤልጅግ ዋና ከተማ በብራስልስ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) በከተማዋ ክብደት መቀነስ የሚፈልጉ ሴቶችን የሚቀበል አንድ ክሊኒክ ነበር። ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ይህ ነው የሚባል ችግር ሳይሰማበት ከቆየ በኋላ፣ በ1990 ለደንበኞቹ በሚያዝዘው እንክብል ላይ ሁለት የቻይና ዕፆች ተጨመሩ። በ1992 ዕድሜያቸው ሃምሳ ያልሞላ፣ ኩላሊታቸው ግን በሚያስደነግጥ ፍጥነት የደከመ ሴቶች ወደ ሆስፒታል መምጣት ጀመሩ። የኩላሊት ሐኪሙ ዣን ሉዊ ቫንኸርወጌምና ባልደረቦቹ ታሪካቸውን ሲያገላብጡ ሁሉም በአንድ ክሊኒክ በር የገቡ ሆነው አገኟቸው፤ በ1993 የዘጠኙን ሴቶች ታሪክ «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። ቁጥሩ እያደር ከመቶ በላይ ሆነ። ብዙዎቹ ኩላሊታቸው ጨርሶ ሥራ አቁሞ በእጥበትና በንቅለ ተከላ ለመኖር ተገደዱ።

መከራው በዚያ አላበቃም። ከነዚሁ ሕሙማን በአንዳንዶቹ የሽንት መተላለፊያ ላይ ካንሰር መታየት ሲጀምር ሐኪሞቹ ከባድ ጥያቄ ማቅረብ ግድ ሆነባቸው፤ ሥራ ያቆመው ኩላሊትና ቧንቧው ካንሰር ገና ሳይታይበት ይውጣ አሉ። ሠላሳ ዘጠኝ ሕሙማን ፈቀዱ። ውጤቱ በ2000 ሲታተም ከ39ኙ በ18ቱ ላይ ካንሰር ተገኝቶ ነበር። እንክብሉን የዋጡት ከሞት ለመዳን አልነበረም፤ ለመቅጠን ነው።

የዋጡት ምን ነበር? በእንክብሉ ማዘዣ ላይ የሰፈረው ስቴፋኒያ ቴትራንድራ የተባለው ዕፅ ነው፤ ቻይኖች «ሃን ፋንግ ጂ» ይሉታል። በእንክብሉ ውስጥ የተገኘው ግን «ጓንግ ፋንግ ጂ» ሆነ፤ ይህ ደግሞ ከመጀመሪያው ጋር የወገን ዝምድና የሌለው፣ አሪስቶሎኪያ ከሚባለው የዕፅ ነገድ የሆነ ተክል ነው። በአጭሩ ሲጠሩ ሁለቱም «ፋንግ ጂ» ናቸው፤ ሥራቸው ደርቆ ከተከተፈ በኋላ በዓይን መለየት ሙያ ይጠይቃል። የ«ሙ ቶንግ» ታሪክም ከዚህ የተለየ አይደለም። በጥንቱ መጽሐፍ የተመሰገነው ሙ ቶንግ አኬቢያ የተባለ ሐረግ ሲሆን፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ገበያውን የያዘው «ጓን ሙ ቶንግ» ግን የአሪስቶሎኪያ ወገን ነው። በ2003 ቻይና የጓን ሙ ቶንግን ፈቃድ ስትሰርዝ በቦታው የመለሰችው ያንኑ የጥንቱን አኬቢያ ነበር። እንግዲህ የሺህ ዓመቱ ምስክር ስለ አንዱ መስክሮ ፍርዱ ለሞክሼው ተሰጥቷል ማለት ነው።

ነገሩ የሞክሼ ስሕተት ብቻ ቢሆን ለመጋዘን ኃላፊና ለጉምሩክ ተቆጣጣሪ በተተወ ነበር። ይሁን እንጂ አሪስቶሎኪያ በገዛ ስሙና በትክክለኛ መልኩም በቻይና የመድኃኒት መጻሕፍት ለብዙ መቶ ዓመታት ታዝዟል። በአውሮፓም እንዲሁ ነው፤ የግሪክ ስሙ ስለ መልካም ወሊድ የሚናገር ሲሆን ከጥንታውያን ግሪኮች ጀምሮ ለወላዶች ይሰጥ ነበር። ሁለት ታላላቅ የሕክምና ባህሎች፣ በሁለት የዓለም ማዕዘን፣ ይህ ዕፅ ኩላሊት እንደሚገድልና ካንሰር እንደሚያመጣ ሳያዩ ዘመናት አለፉ። አስተዋይ ሰው ጠፍቶባቸው ነው እንዳይባል የቻይና ሊቃውንት ስለ መርዝ ያላቸው ዕውቀት ይከለክላል።

ትውፊቱ የመድኃኒት አባት የሚለው ሼን ኖንግ ዕፆችን በገዛ ምላሱ ሲቀምስ በአንድ ቀን ሰባ መርዝ እንዳጋጠመው ይተረካል። በስሙ የሚጠራው ጥንታዊ መጽሐፍ 365 መድኃኒቶችን በሦስት ማዕረግ ይከፍላል፤ መርዝነት የሌላቸውና ለረዥም ጊዜ ቢወሰዱ አይጎዱም የተባሉት ከላይ፣ መርዛሞቹና በሽታውን እስኪያባርሩ ብቻ የሚሰጡት ከታች ተቀምጠዋል። «ፉ ዚ» የሚባለው የአኮኒት ሥር ከታቹ ማዕረግ ነው። በውስጡ ያለው አኮኒቲን በነርቭና በልብ ሕዋሳት ላይ ያሉትን የሶዲየም በሮች ከፍቶ እንዳይዘጉ ይይዛቸዋል፤ ልብ ምቷን ትስታለች፣ ከዚያም ትቆማለች። ቻይኖች ይህን ሥር ይዘፈዝፋሉ፣ ያጥባሉ፣ ለረዥም ሰዓት ይቀቅላሉ። ኬሚስቶች ኋላ እንዳረጋገጡት አኮኒቲን በፈላ ውኃ ውስጥ ሲቆይ ተሰብሮ መርዝነቱ እጅግ ወደ ቀነሰ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል። መብሰሉን የሚለዩት ደግሞ በምላስ ነው፤ ሥሩ ሲቀመስ ማደንዘዙን ከተወ ደርሷል ይባላል። መቀቀሉን ያሳጠረ ሰው ዛሬም ይመረዛል፤ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሐኪሞች እንዲህ ያሉ ሕሙማንን በተደጋጋሚ ዘግበዋል።

ይህ ያለ ጥርጥር ዕውቀት ነው፤ ተፈትኖ፣ ተለክቶ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ተላልፎ የመጣ። ቢሆንም መሣሪያ ሁሉ የሚያየውና የማያየው አለው። ምላስ በደቂቃ የሚመጣውን ያውቃል፤ አስታማሚ በቀንና በሳምንት የሚመጣውን ያውቃል። አሪስቶሎኪክ አሲድ ግን ምላስን አያደነዝዝም። ሰውነት ሊያስወግደው ሲሞክር ይለውጠዋል፤ ጉዳቱ የሚወለደውም ከዚሁ ለውጥ ነው። የተለወጠው ንጥረ ነገር የዘር መዝገብ በሆነው ዲ.ኤን.ኤ. ላይ ይጣበቃል፤ ከመዝገቡ ፊደላት በተለይ አዴኒን የምትባለውን ይይዛል። ሕዋሱ መዝገቡን ሲገለብጥ፣ ዓይኑ እንደ ደከመ ቁም ጸሐፊ፣ በአዴኒን ስፍራ ታይሚንን ይጽፋል። ይህ ዓይነቱ የገልባጭ ስሕተት እንዲህ በዝቶ በሌሎች ካንሰሮች ብዙ ስለማይገኝ ለተመራማሪዎች እንደ ጣት አሻራ ያገለግላቸዋል። ተጣባቂው ነገር በሕሙማን ኩላሊት ውስጥ ዕፁ ከተወሰደ ከሃያ ዓመት በኋላ እንኳ ተገኝቷል።

አንዲት ሴት በሠላሳ ዓመቷ ጠጥታ በሃምሳ ዓመቷ ብትሞት፣ በመካከሉ ልጆች ወልዳለች፣ ሌላ በሽታ ታማለች፣ ሌላ መድኃኒት ወስዳለች። አብረዋት የጠጡት ጎረቤቶቿም አብዛኞቹ ደኅና ናቸው። ሞቷን ከዚያ ጽዋ ጋር የሚያገናኝ ዓይን በየትኛው መንደር ይገኛል? ምስክሩ ዝም ያለው ጥፋት ስላልነበረ ሳይሆን ጥፋቱ ከእይታው ክልል ውጭ ስለሆነ ነው።

ክልሉ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ የሚያሳየው ደግሞ መድኃኒት ሳይሆን ዳቦ ነው። በዳኑብ ገባሮች ዳር ባሉ የክሮኤሽያ፣ የቦስኒያ፣ የሰርቢያ፣ የሩማኒያና የቡልጋሪያ መንደሮች ኩላሊትን ቀስ በቀስ የሚያደርቅና ብዙ ጊዜ የሽንት ቧንቧ ካንሰር የሚያስከትል በሽታ በ1950ዎቹ በሕክምና ጽሑፍ ተመዘገበ። ውኃው ነው ተባለ፤ ሻጋታው ነው ተባለ፤ በዘር የሚወረስ ነው ተባለ። ኢቪች የተባለ ተመራማሪ በ1969 በስንዴ ማሳ ውስጥ የሚበቅለው የአሪስቶሎኪያ ፍሬ ከእህሉ ጋር እየታጨደ ይፈጫል የሚል ሐሳብ ቢያቀርብም ለብዙ ጊዜ ሰሚ አላገኘም። ወደ ሐሳቡ የተመለሱት የብራስልስ ሴቶች ኩላሊት ከታየ በኋላ ነው፤ በ2007 አርተር ግሮልማንና ባልደረቦቹ ያንኑ አሻራ በባልካን ሕሙማን ሰውነት ውስጥ አሳዩ። ገበሬዎቹ ትውልድ ከትውልድ የበሉት የእናታቸውን ዳቦ ነበር፤ ከዳቦ የበለጠ በዕድሜ የተመሰከረለት ነገር ደግሞ የለም።

ይህን የመሰለ ነገር፣ በሌላ መርዝ ምክንያት፣ በኢትዮጵያም ደርሷል። በትግራይ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ከ2001 ጀምሮ ሆድን የሚያሳብጥና ጉበትን የሚያጠፋ፣ ምንነቱ ያልታወቀ በሽታ ቤተሰቦችን ሲጎዳ ቆይቶ፣ በኋላ የተደረገው ምርመራ ከእህል ጋር ወደሚሰበሰብ አጀራተም ወደተባለ አረምና በውስጡ ወዳሉት ፒሮሊዚዲን አልካሎይዶች አመለከተ። እነዚሁ አልካሎይዶች በቻይና መድኃኒት ውስጥ የሚገቡት እንደገና በሞክሼ በር ነው። ደም ለማቆም የሚታዘዘውን «ሳን ቺ» ፈልገው «ቱ ሳን ቺ» የተባለውን ሌላ ተክል የጠጡ ሰዎች የጉበታቸው ጥቃቅን የደም ሥሮች ይዘጋሉ።

እስካሁን የተባለው ጥንታውያኑን ነጻ ያወጣቸዋል፤ ሊያዩት የማይችሉትን ስላላዩ አይወቀሱም። ዘመናውያኑ ግን በዚህ አያመልጡም። ብዙ መጠን ያለው ሙ ቶንግ የጠጡ የሁለት ሰዎች ኩላሊት መክሸፉ በቻይና በ1964 በሕክምና መጽሔት ታትሟል። በጀርመንም በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሪስቶሎኪክ አሲድ በአይጦች ላይ ካንሰር ማምጣቱ ታይቶ ንጥረ ነገሩ ያለባቸው መድኃኒቶች ከገበያ ተነሥተዋል። የብራስልሱ እንክብል የተቀመመው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ያውም በጎረቤት አገር ነው። ዕውቀቱ በተለያየ ቋንቋ ተጽፎ በተለያየ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ፈልጎ የሚያነብበት ግዴታ ግን በማንም ላይ አልተጣለም። ዕፁ «ባህላዊ» መባሉ ይህን ግዴታ አንሥቶለታል።

ይህ ይሁንታ በሕግም ጭምር የተደገፈ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ1991 ያወጣው የዕፅ መድኃኒቶች መመዘኛ፣ በባህል ሲሠራበት የኖረና ጉዳቱ ያልታየ መድኃኒት ላይ አዲስ ማስረጃ ካልመጣ በቀር ልዩ ገደብ እንዳይጣል ይመክር ነበር። የአውሮፓ ኅብረትም በ2004 ባወጣው መመሪያ፣ ምንም እንኳ የባለሙያ የደኅንነት ግምገማ ቢጠይቅ፣ ሠላሳ ዓመት የተሠራበትና ከዚህም ውስጥ አሥራ አምስቱን በኅብረቱ አገሮች ያሳለፈ ዕፅ ቀለል ባለ አካሄድ እንዲመዘገብ ፈቅዷል። «ጉዳቱ ያልታየ» የሚለው ሐረግ ተመርምሮ ነጻ የተባለውንና ፈጽሞ ያልተመረመረውን በአንድ ወንበር ያስቀምጣል። ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ንጹሕ ነው የሚለው መርሕ ለሰው የተሰጠ ክብር ነው፤ ሰው በሐሰት ቢፈረድበት ይበደላልና። ሥር ግን አይበደልም። መርሑ ለሥር ሲሰጥ፣ ጥፋተኛነቱን በገዛ ኩላሊቱ እስኪያረጋግጥ ድረስ የሚጠብቀው ሌላ ሰው ነው።

የቻይና ሕክምና ጠበቆች እዚህ ላይ የሚያነሡት ተቃውሞ አለ፤ ግማሹም እውነት ነው። ፋንግ ጂ ጤነኛ ሰው ለወራት እንዲውጠው አልታዘዘም፤ ቻይናዊው ሐኪም የሚሰጠው ለታመመ ሰው፣ ለአጭር ጊዜ፣ ከሌሎች ዕፆች ጋር አመጣጥኖ ነው ይላሉ። የ«ማ ሁዋንግ» ታሪክ ይህን ይደግፍላቸዋል። ጃፓናዊው ናጋዪ ናጋዮሺ በ1885 ኤፌድሪንን ያወጣበት ይህ ዕፅ በቻይና ለትንፋሽ ማጠርና ለብርድ በሽታ የሚሰጥ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ለመቅጠኛነትና ለኃይል መጨመሪያነት በየሱቁ ሲቸበቸብ ቆይቶ በልብና በአንጎል ላይ ባስከተለው አደጋ ምክንያት በ2004 ታግዷል። ባህሉን ሳይወስዱ ዕፁን ብቻ መውሰድ ልጓሙን ጥሎ ፈረሱን እንደ መጋለብ ነው። ነገር ግን ይህ ተቃውሞ ታይዋን ላይ ሲደርስ ይሰናከላል። በዚያ የሚያዝዙት በሕግ የታወቁ የባህል ሐኪሞች ነበሩ፤ ከፋዩም የመንግሥት የጤና መድን ነው። በ1997 እና በ2003 መካከል ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛ ያህሉ አሪስቶሎኪክ አሲድ ሊኖርበት የሚችል መድኃኒት እንደታዘዘለት የመድኑ መዝገብ አሳይቷል። ደሴቲቱ በኩላሊት በሽታና በሽንት ቧንቧ ካንሰር ብዛት በዓለም ከሚጠቀሱት አንዷ ናት። በ2017 የታተመ ጥናት ደግሞ ከተመረመሩ 98 የታይዋን የጉበት ካንሰሮች በ78 ከመቶው ያንኑ የአዴኒን ስሕተት አገኘ። ይህን ያየው የመድኑ መዝገብና የዘረ መል ንባብ እንጂ የማንም ምላስ አይደለም።

ይህ ሁሉ ግን አዲሱን ሕክምና ከወንጀል ነጻ፣ አሮጌውን ጥፋተኛ የሚያደርግ አይደለም። ፌናሴቲን የተባለው ኪኒን ከአውሮፓ ቤተ ሙከራ ወጥቶ ከ1887 ጀምሮ ለራስ ምታት ተሸጧል። ያለ ልክ የወሰዱት ሰዎች ኩላሊት ሲበላሽ የታየው በ1950ዎቹ ነው፤ የሽንት ቧንቧ ካንሰርም ተከተለ፤ አሜሪካ ያገደችው በ1983 ብቻ ነው። ያው ኩላሊት፣ ያው ካንሰር፣ ያው ቀርፋፋ ዓይን። ልዩነቱ አንዱ «ባህላዊ»፣ ሌላው «ሳይንሳዊ» ተብሎ መታመኑ ብቻ ነው።

ታዲያ የጥንቱ ቃል ለምን ይጠቅማል? የቱ ዩዩን ሥራ ያስተዋለ ሰው መልሱን አያጣውም። በ1967 የተጀመረው የቻይና የወባ መድኃኒት ፍለጋ ብዙ ሙከራ ካከሸፈ በኋላ፣ ተመራማሪዋ በአራተኛው ክፍለ ዘመን ጌ ሆንግ የጻፈውን የድንገተኛ በሽታ መጽሐፍ አነበበች። መጽሐፉ ቺንግ ሃዎ የተባለውን ዕፅ በውኃ ነክሮ ጭማቂውን መጠጣት ያዝዛል፤ አፍላው አይልም። እርሷም ሙቀት ይጎዳው ይሆናል ብላ በአነስተኛ ሙቀት በሚፈላ ኤተር አወጣችው፤ በጥቅምት 1971 ቁጥር 191 የተባለው ናሙና የአይጦችን ወባ ፈጽሞ አጠፋ። በ1972 ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ራሷ ጠጣችው። በ2015 የኖቤል ሽልማት ያገኘችበት አርቴሚሲኒን ይህ ነው፤ ኢትዮጵያም በ2004 ለከባዱ የወባ ዓይነት ቀዳሚ መድኃኒት አድርጋ የተቀበለችው ከዚሁ የተቀመመውን ነው። ቱ ዩዩ ጌ ሆንግን አልናቀችውም፤ በቃሉም ብቻ አልፈረደችም። ወዴት እንደምትፈልግ ነገራት፤ ምን እንዳገኘች የነገራት ግን ፍተሻው ነው። በ2020 በማዳጋስካር ከዚሁ ዕፅ የተጠመቀ መጠጥ ለኮሮና ፈውስ ነው ተብሎ እስከ ታንዛንያ ሲጓጓዝ የታየው የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ የአገር ዕውቀት ተብሎ የተወደሰው ቅጠል ከእስያ የመጣ መሆኑን ያስታወሰም ጥቂት ነው።

ሌላ ሐኪም በሌለበት፣ ትኩሳት የያዘውን ልጅ ታቅፋ የተቀመጠች እናት ምርመራው እስኪያልቅ ትጠብቅ ማለት ሌላ ጭካኔ ነው። ሰው ሊደፍር የሚገባው አደጋ ከሚሸሸው አደጋ ጋር ይመዘናል። ሦስቱ የሼን ኖንግ ማዕረጎች ይህንን ሚዛን ያውቁ ነበር፤ የተሳሳቱት ከላይኛው ማዕረግ ላይ ነው። «ለረዥም ጊዜ ቢወሰድ አይጎዳም» ለማለት ረዥም ጊዜን የሚያይ ዓይን ያስፈልግ ነበር። ከዚያው ማዕረግ አናት ላይ የተቀመጠው ሲናባር የሜርኩሪ ማዕድን ነው።

ሺ ሺን የተባለው ዕፅም በዚሁ በላይኛው ማዕረግ ተመዝግቦ ይገኛል፤ እርሱም የአሪስቶሎኪያ ቤተ ዘመድ ነው። የቻይና መንግሥት የመድኃኒት መዝገብ በ2005 እትሙ ቅጠሉን አስወጥቶ አሲዱ አነስተኛ የሆነበትን ሥሩን ብቻ አስቀረ፤ ኋላም በሥሩ ውስጥ አሪስቶሎኪክ አሲድ ከ0.001 ከመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። በ2020 እትም ደግሞ «ማ ዶ ሊንግ» እና «ቲየን ሺየን ተንግ» የተባሉት የአሪስቶሎኪያ መድኃኒቶች ከመዝገቡ ወጥተዋል። ሺ ሺን ግን አሁንም ይታዘዛል። 0.001 ከመቶን የሚያነብ መሣሪያ በትልልቅ ከተሞች አለ፤ ሥሩን ቆርጦ በወረቀት የሚጠቀልለው ነጋዴ በእጁ ያለው ሚዛንና የዕፁ ስም ብቻ ነው።